ልጃችሁ ጣቱን ይጠባልን?

ባለፈው ዓመት በአንድ ጎረቤታችን ቤት ለልጅ ክርስትና ተጠርተን ሳለ፣ ለልጆቹ ሸንኮራ አገዳ ተቆራርጦ ታደላቸው። ልጆቹ ሁሉ እንደ ልማዳቸው ልጣጩን በፊት ጥርሳቸው እየገሸለጡ ሲጥሉ፣ ስድስት ዓመት የሞላት አንዲት ልጅ ግን አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ በመንጋጋ ጥርሷ ትታገል ነበር። ከጓደኞቿ አንዱ «በፊት ጥርስሽ ንከሽው እንጂ!» ቢላት፣ ሸንኮራዋን አስቀምጣ አፏን በእጇ ሸፈነች። እናቷ ይህን አይታ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ «እትዬ፣ ይኸው ነው እንግዲህ የጣት መጥባት ትርፉ። እሬት ቀባሁ፣ በርበሬ ቀባሁ፣ ገረፍኩ። ምን ቀረኝ?» አለችኝ።

ይህች ልጅ ስትስቅ አፏን የምትሸፍነው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። የኋላ ጥርሶቿን ግጥም አድርጋ ስትነክስ እንኳ የላይና የታች የፊት ጥርሶቿ አይገናኙም። በመካከላቸው ክብ መሰል ክፍተት አለች። ክፍተቷ የምን ልክ እንደሆነች ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የቀኝ አውራ ጣቷ ልክ ናት።

በዚህ ሳምንት ልናወጋችሁ ያሰብነው ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ጣትም ሆነ ወተት የሌለባት የጎማ ጡት መጥባት በልጅ ጥርስና መንጋጋ ላይ ምን ያደርጋል? መቼ ነው ሊያሳስበን የሚገባው? መቼስ ነው ዝም ብለን ማለፍ ያለብን? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከፊተኞቹ ያነሰ ክብደት የለውም። ምክንያቱም በብዙ ቤት እንደሚታየው፣ ልጆች የሚገረፉት ጣት መጥባት ምንም በማይጎዳቸው ዕድሜ ነው፤ ችላ የሚባሉት ደግሞ «እንግዲህ ለምዶበታል» ተብሎ፣ ጉዳቱ በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ነው።

ይዞት የሚወለደው ልማድ

መጥባት ሕፃን ከሰው ያየው ወይም የተማረው ነገር አይደለም። ነፍሰ ጡር እናቶች በአልትራሳውንድ ሲመረመሩ፣ ጽንሱ ገና በማኅፀን ሳለ አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ የሚታይበት ጊዜ አለ። እንደ ተወለደ ጡት ፈልጎ የሚጎርሰውም በዚሁ ይዞት በመጣው ችሎታ ነው። ነገር ግን ሕፃን የሚጠባው ሲርበው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሲደክመው፣ እንቅልፉ ሲመጣ፣ ሲፈራ፣ ሲሰለቸውም ይጠባል። መጥባት ያረጋጋዋል። ትልቅ ሰው ሲጨንቀው ጺሙን እንደሚያሻሸው ወይም የመቁጠሪያውን ዶቃ እንደሚቆጥረው ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ መጀመሪያ በጥሞና ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ሊንድነር የተባለ የሀንጋሪ የሕፃናት ሐኪም ሲሆን፣ ጽሑፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1879 ነበር። ከእርሱም በኋላ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1905 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የሊንድነርን ጽሑፍ አንሥቶ ሌላ ትርጓሜ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ጣት የሚጠባ ሕፃን አንድ የተበላሸ ነገር እንዳለበት ተቆጥሮ ብዙ ተሠቃየ። እ.ኤ.አ. በ1914 የአሜሪካ መንግሥት የሕፃናት ቢሮ ያወጣው የሕፃናት አያያዝ መጽሐፍ ሳይቀር፣ የልጁ እጅጌ ከጣቶቹ በላይ ተስቦ በመርፌ ቁልፍ እንዲያያዝ ይመክር ነበር። ዛሬ ሐኪሞች እንዲህ አይሉም። አብዛኛው ልጅ ማንም ሳይቆጣው፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ልማዱን በራሱ ይተወዋል። ጨዋታ ይመጣል፣ ጓደኛ ይመጣል፣ እጅ ሥራ ይበዛበታል።

በእኛ አገር፣ በተለይ በገጠሩ ክፍል፣ ሕፃን በእናቱ ጀርባ በአንቀልባ ታዝሎ ስለሚውል፣ ባለቀሰም ጊዜ ወዲያው ጡት ስለሚጎርስ የመጥባት ፍላጎቱ ከእናቱ ዘንድ ይረካል። ጡት ረዘም ላለ ጊዜ የጠቡ ልጆች ጣትም ሆነ ጎማ የመልመዳቸው ነገር አነስተኛ እንደሆነ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

የከተማዋ ሠራተኛ እናት ነገር ግን ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል። ይህ ከቀድሞው የተሻለ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ቀኑ ሲቆጠር እናትየዋ ወደ ሥራዋ የምትመለሰው ሕፃኑ ገና አራት ወር ገደማ ሲሆነው ነው። ሕፃን ያለ ምንም ተጨማሪ ጡት ብቻ መጥባት ያለበት ደግሞ እስከ ስድስት ወር ነው። ጡት ሄዶ ልጅ ሲያለቅስ፣ ሞግዚቷ ወይም አያቲቱ ምን ታድርግ? ያቺን ጎማ ትሰጠዋለች፤ እርሷም ከሌለች ልጁ ራሱ አውራ ጣቱን ያገኛል። ስለዚህ በእናትየዋ ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ቢሆንም ትክክል አይመስለኝም።

ወተት የሌለባት ጎማ

ፈረንጆች «ፓሲፋየር» የሚሏት፣ የጡት ጫፍ መስላ ከጎማ ወይም ከሲሊኮን የምትሠራውና ወተት የሌለባት መጥቢያ አዲስ ነገር አይደለችም። በፊት በአውሮፓ ስኳር ወይም ዳቦ በጨርቅ ቋጥሮ ለሕፃን ማጉረስ የተለመደ ነበር። ዛሬ የምናውቃት ዓይነት ቅርጽ፣ ጎማዋ ከፊት፣ ከንፈር ላይ የሚያርፍ መከላከያዋ ከመካከል፣ ቀለበቷ ከኋላ ሆና፣ ክርስቲያን ማይኔኬ በተባለ የኒውዮርክ ሰው ስም እ.ኤ.አ. በ1900 ተመዘገበች።

ስለ እርሷ የሚባለው ሁሉ መጥፎ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ፣ ሕፃን ሲተኛ ይህችን ጎማ መጥባቱ በአልጋ ላይ ድንገት ከሚደርስ ሞት እንደሚጠብቀው በመግለጽ ወላጆች በእንቅልፍ ሰዓት እንዲሰጡ ይመክራል። ነገር ግን ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱን በሚገባ እስኪለምድ ድረስ መቆየት እንዳለበት አብሮ ያሳስባል። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት የጡት ማጥባት መመሪያ በወሊድ ቤት ጎማ ጨርሶ እንዳይሰጥ ሲከለክሉ ቆይተው፣ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሲያሻሽሉት እናቶች ስለ ጥቅምና ጉዳቱ እንዲመከሩ በማለት አለዝበውታል። በሌላ በኩል ከስድስት ወር በኋላ ጎማዋን አዘውትሮ የሚጠባ ልጅ የመካከለኛ ጆሮ ሕመም ይበዛበታል። ጆሮው ደጋግሞ የሚያመው ልጅ ያላችሁ እናቶች ይህን አስቡበት።

በነገራችን ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ልጁ ጎማዋን እንዲወድላቸው ማር ወይም ስኳር ነክረው የሚሰጡ አሉ። ስኳሩ የሚበቅለውን ጥርስ ከሥሩ ያበላሸዋል። ማሩ ደግሞ የባሰ ነው። ምንም ንጹሕ ቢሆን፣ ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻን የሚያዝል አደገኛ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል። ጎማዋን በክር አሥሮ በልጅ አንገት ላይ ማንጠልጠልም ልጁን ሊያንቀው ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

በአፍ ውስጥ የሚሆነው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ጥርስ በዐለት ላይ እንደ ተተከለ ምሰሶ አይደለም። በተለይ የልጅ ጥርስ የቆመበት አጥንት ገና እያደገ ያለና ለግፊት የሚታዘዝ ነው። ጥርስን ከውስጥ ምላስ ይገፋዋል፤ ከውጭ ከንፈርና ጉንጭ ይመልሱታል። እነዚህ ሁለቱ በተመጣጠኑበት ቦታ ላይ ጥርስ ይቆማል፤ መንጋጋም በዚያው ልክ ያድጋል።

በዚህ መካከል አውራ ጣት ሲገባ ሚዛኑ ይፋለሳል። ጣቱ የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ፣ የታችኞቹን ወደ ውስጥ ይገፋል። ጣቱ በመካከል ተጋድሞ ስለሚቆይም የፊት ጥርሶች እስኪገናኙ ድረስ ማደግ ይከለከላሉ። የኋላዎቹ ግን ከልካይ የላቸውምና ማደጋቸውን ይቀጥላሉ። እንግዲህ ልጁ ጣቱን ባወጣ ጊዜ የኋላዎቹ ጥርሶች ይገጥማሉ፤ የፊቶቹ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። የጎረቤቴ ልጅ ሸንኮራውን በፊት ጥርሷ መላጥ ያቃታት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ በዓይን የሚታየው ነው። በቀላሉ የማይታይ ሌላም አለ። አፋችሁን ዘግታችሁ ዝም ስትሉ ምላሳችሁ የት እንዳለ ልብ በሉ። ላንቃችሁ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። የላይኛውን መንጋጋ ከውስጥ ደግፎ ስፋቱን የሚያስጠብቀው እንዲህ ሆኖ ነው። ጣት ወይም ጎማ ሲገባ ግን ምላስ ቦታውን ለቆ ወደ ታች ይወርዳል። ልጁ በሚስብበት ጊዜ ደግሞ ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ይጫናሉ። ከውስጥ ደጋፊ ያጣው፣ ከውጭ የሚጫነው የላይኛው መንጋጋ ከግራና ከቀኝ እየጠበበ፣ ላንቃውም እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደ ላይ እየሾጠጠ ይሄዳል።

ጤነኛ አፍ እንደ መሶብ ነው ብንል አይከፋም። ክዳኑ ከሥሩ ሰፋ ስለሚል ዙሪያውን ይከድነዋል። የላይኞቹም ጥርሶች እንዲሁ የታችኞቹን ከውጭ በኩል መክደን አለባቸው። የላይኛው መንጋጋ ሲጠብ ግን ክዳኑ ከመሶቡ አነሰ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ልጁ ምግብ ለማኘክ የሚገጥም ቦታ ሲፈልግ የታችኛውን መንጋጋውን ወደ አንድ ጎን ማንሸራተት ይለምዳል። ልማዱ ዓመታት ከዘለቀ አጥንቱም ወደዚያው ያዘነብላል፤ ፊቱም ከአንድ ወገን የጎበጠ ሊመስል ይችላል።

ጣትና ጎማ ጉዳታቸው ፍጹም አንድ ዓይነት አይደለም። ጣት ይበልጡን የፊት ጥርሶችን ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ጎማ ይበልጡን የላይኛውን መንጋጋ በጎን ያጠባል። የፊት ጥርሶችን እንዳይገጥሙ ማድረግ የሁለቱም ሥራ ነው። ወደ ውጭ የወጣ የፊት ጥርስ ደግሞ ልጅ ሮጦ ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚመታው እርሱ ስለሆነ የመሰበር ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በንግግርም በኩል ምላስ በክፍተቱ ሾልኮ እየወጣ «ሰ»ንና «ዘ»ን የሚያኮላትፍባቸው ልጆች አሉ። መዋጥም ይለወጣል፤ ልጁ ምራቁን በዋጠ ቁጥር ክፍተቱን በምላሱ መድፈን ስለሚለምድ፣ ጣቱን ከተወም በኋላ ምላሱ የጣቱን ሥራ ሊቀጥልበት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። ጥርስን የሚያንቀሳቅሰው የኃይሉ ብዛት ሳይሆን የጊዜው ርዝመት ነው። ሐኪሞች እንደሚሉት፣ ጥርስ ቦታውን ይለቅ ዘንድ ግፊቱ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ሊቆይ ይገባል። እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቶ ጣቱን የሚተፋ ልጅና፣ ሌሊቱን ሙሉ ጣቱን ጎርሶ የሚያድር ልጅ እኩል አይጎዱም። አንዳንዱ ልጅ ጣቱን አፉ ውስጥ አኑሮት ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ድምፁ ከሌላ ክፍል እስኪሰማ ድረስ ይስባል። የኋለኛው ነው የሚያሰጋው። የልጃችሁን አውራ ጣት አገላብጣችሁ እዩ። ከጀርባው መጅ ካወጣ፣ ወይም ከሌሎቹ ጣቶች ይልቅ ነጣና ጸዳ ብሎ ከተገኘ፣ ሥራ ላይ የሚውልበት ሰዓት ብዙ ነው።

በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልጆችን ከልደታቸው ጀምሮ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ልማዱን በአንድ ዓመት የተዉና ከአራት ዓመት በኋላም የቀጠሉ ልጆችን ጥርስ አስተያይተው ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ሆኖ አግኝተውታል። የአሜሪካ የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች አካዳሚ ልጆች ልማዱን 36 ወር ሳይሞላቸው ቢተዉ መልካም ነው የሚለውም ስለዚህ ነው።

የመጨረሻው ቀን ግን ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች የሚበቅሉበት ነው፤ ይኸውም ስድስትና ሰባት ዓመት ላይ። ልጁ የወተት ጥርሱን ነቅሎ ጣሪያ ላይ መወርወር ከመጀመሩ በፊት ልማዱን ከተወ፣ በፊት ጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ያለ ሕክምና በጥቂት ወራት ይዘጋል። ከንፈርና ምላስ ያበላሹትን ራሳቸው ያቃኑታል። በጎን የጠበበው መንጋጋ ግን እንዲህ አይመለስም፤ እርሱ አብዛኛውን ጊዜ የሐኪም እጅ ይፈልጋል። በእኛ አገር የጥርስ አቀማመጥ የሚያስተካክሉ ሐኪሞች ጥቂቶች፣ ሽቦውም ውድ ነው። ሕክምናው ደግሞ የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም፤ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለዚህ ነው በሦስትና በአራት ዓመት የሚደረገው ትንሽ ጥረት የሚያዋጣው።

ግግ አይደለም

ሕፃን ከአራት ወር ጀምሮ እጁን ሙሉ አፉ ውስጥ መክተት ይጀምራል። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ድዱን ያሻሻል። ይህ የዕድሜው ነው። እጁን ያወቀበት፣ ጥርሱም ሊበቅል የሚዘጋጅበት ወቅት ነው። በብዙ አካባቢ ግን ሕፃኑ በዚሁ ጊዜ ተቅማጥ ከያዘው «ግግ ነው» ይባልና የውሻ ክራንቻው ሊበቅል ያበጠበት ነጭ ድድ በስለት ወይም በሹል ነገር ተፈልፍሎ ይወጣል።

አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ አሮጊት ይህንኑ ሲያስረዱኝ፣ «ልጄ፣ ትሉ ካልወጣ ሕፃኑ ይሞታል» አሉኝ። ያ ነጭ ነገር ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የጥርስ ፍሬ ነው። ተቅማጡን ያመጣው ሕፃኑ አፉ ውስጥ የከተተው ያልታጠበ እጅ፣ ያልታጠበ ጡጦና ያልፈላ ውኃ ነው። ድዱ ሲፈለፈል ደም ይፈሳል፣ ይመረቅዛል፤ ቴታነስና ኤችአይቪም በዚያው ስለት ሊተላለፍ ይችላል። ከሥሩ የተቀመጠው የቋሚ ጥርስ ፍሬ አብሮ ስለሚጎዳም፣ ልጁ ካደገ በኋላ የውሻ ክራንቻው ሳይበቅል ወይም ጠማማ ሆኖ ይቀራል። ጣት መጥባት ለዓመታት ሠርቶ የማያደርሰውን ጉዳት ይህ በአንድ ቀን ያደርሰዋል። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. ነው፤ የሚወሰደውም ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ምን ይደረግ?

ሦስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ተዉት። እጁን በሳሙና አጥቡለት፣ ጥፍሩን ቁረጡለት። ባልታጠበ እጅ የሚገባው የአንጀት ትል ከጥርሱ ይልቅ ለጊዜው ያሰጋል። ጎማ ከሆነ የሚጠባው ግን፣ አንድ ዓመት ካለፈው ወዲህ ለእንቅልፍ ብቻ እየተወሰነች ብትቀር ኋላ ማስተዉ አይከብድም። ጎማ ከጣት የምትሻልበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ልትጠፋ ትችላለች። ጣት ግን ሁልጊዜ ከልጁ ጋር ነው።

(አንዳንድ አንባቢ ጣት መጥባት ጥቅምም አለው ተብሎ ሰምቶ ይሆናል። እውነት ነው፣ በኒውዚላንድ የደነዲን ከተማ ልጆችን ከልደት ጀምሮ ለዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው፣ ጣታቸውን ይጠቡ ወይም ጥፍራቸውን ይበሉ የነበሩ ልጆች ካደጉ በኋላ በቆዳ ምርመራ የተገኘባቸው አለርጂ አነስተኛ ነበር። በአስም በኩል ግን ልዩነት አልታየም። ይህ እንግዲህ ለተቆጡ አያቶች መልስ ይሆን እንደሆነ እንጂ፣ ልጅን ጣት ጥባ የሚያሰኝ አይደለም።)

ሦስትና አራት ዓመት የሞላው ልጅ ነገር ይገባዋል፤ ያን ጊዜ መነጋገር ነው። ከመነጋገር አስቀድሞ ግን ለአንድ ሳምንት ያህል ሳትቆጡ ተመልከቱ። የሚጠባው መቼ ነው? ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጥ ነውን? ከተቆጡት በኋላ? ታናሽ ወንድሙ ጡት ሲጠባ? እኔ የማውቀው አንድ ልጅ ጣቱን የሚጎርሰው አባቱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው ልጅ ጣቱ ላይ እሬት ቢቀባ ምን ይጠቅመዋል?

እሬት ቀምሞ መቀባት ጡት ለማስጣል ከጥንት የነበረ ዘዴ ነው። ልጁ ራሱ መተው ፈልጎ ሳያስበው ጣቱ አፉ ውስጥ ለሚገባበት ማስታወሻ ይሆነው ዘንድ፣ ከእርሱ ጋር ተማክሮ ከተቀባ ክፉ አይደለም። በቅጣት መልክ ከተቀባ ግን ልጁ እሬቱን መላስ ይለምዳል እንጂ ጣቱን አይተውም። በርበሬንስ ጨርሶ አታድርጉት። የዚህች የጎረቤቴ ልጅ እናት ማታ በርበሬ ቀብታ ካስተኛቻት በኋላ፣ ልጅቷ በእንቅልፍ ልቧ ዓይኗን አሽታ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮኽ አድራለች። ጠዋት ዓይኗ አብጦ ስታለቅስ ያረጋጋት ምን ይመስላችኋል? ያው አውራ ጣቷ ነው።

የሚሠራው ሌላ ነው። ልጁ ጣቱን ሳይጠባ ለዋለበት ቀን በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ራሱ በቀለም ምልክት እንዲያደርግ ስጡት፤ የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ቀን ከተሳካለት አመስግኑት፤ ካልተሳካለትም ባዶውን ቦታ አትጥቀሱበት። ቀን ቀኑን ከተወ በኋላ ሌሊቱን አስቡ። ስስ የጥጥ ካልሲ በእጁ ላይ አጥልቆ መተኛት ብዙ ልጆችን ረድቷል። ጣቱ አፉ ውስጥ ሲገባ የሚያገኘው ጨርቅ ስለሆነ በእንቅልፍ ልቡ ይተወዋል። ጥርሱን ለሚያይለት ሐኪም አስቀድማችሁ ብታሳዩትም መልካም ነው፤ ልጅ ከእናቱ ምክር ይልቅ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው የነገረውን አንዳንድ ጊዜ አክብሮ ይይዛል። ስድስት ዓመት አልፎት፣ መተው ፈልጎ ላቃተው ልጅ ሐኪሙ ላንቃ ላይ የሚገጠም፣ ጣት መግባቱን የሚከለክል ትንሽ የሽቦ ሥራ ሊያደርግለት ይችላል።

ጥርሱን በቤታችሁ ለማየት ልጁን ብርሃን ወዳለበት መስኮት አቅርቡት። «በኋላ ጥርስህ ንከስ» በሉትና ከንፈሩን ቀስ አድርጋችሁ ግለጡ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች የታችኞቹን በጥቂቱ ሸፍነው ከተገኙ ደኅና ነው። በመካከላቸው ምላስ የሚታይ ከሆነ ክፍተት አለ። ከዚያም ጉንጩን በጣታችሁ ገለጥ አድርጋችሁ ጎን ጎኑን ተመልከቱ፤ ከላይኞቹ ጥርሶች ወደ ታችኞቹ ውስጥ የገቡ ካሉ ሳትዘገዩ ለጥርስ ሐኪም አሳዩት።

የጎረቤቴን ልጅ ከክርስትናው ቀጥሎ በነበረው ወር እናቷ ወደ ጥርስ ሐኪም ወሰደቻት፤ እኔም አብሬ ሄድሁ። ሐኪሟ ከእናቲቱ ጋር ከመነጋገሯ በፊት ዝቅ ብላ ልጅቷን «ጣትሽን መተው ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያም «ሌሊት ነው የሚያቅተኝ» አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀጥ ያለ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ቀን መቁጠሪያው በቀይ ቀለም ከተሞላ በኋላ ጉንፋን ይዟት ትኩሳቷ ሲነሣ ጣቷን ወደ አፏ መለሰች። እናቷ ተስፋ ልትቆርጥ ነበር። ነገር ግን በርበሬውን አላወጣችም፤ ካልሲውን አጥባ አደረቀችውና እንደገና ጀመሩ። አሁን ልጅቷ ሰባት ዓመት አልፏታል፤ የላይኞቹ ቋሚ የፊት ጥርሶቿ በቅለው እየወረዱ ነው፤ ክፍተቷም ጠብባ የእርሳስ ውፍረት እንኳ አትሞላም። የአውራ ጣቷ መጅ ጠፍቷል። በግራ በኩል የጠበበው የላይኛው መንጋጋዋ ግን አልተመለሰም፤ የሚያሰፋው መሣሪያ እንደሚደረግላት ሐኪሟ ነግራቸዋለች፤ እናቷም ለእርሱ ዕቁብ ገብታለች። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ሸንኮራ ይዛ አገኘኋት። ገና በጎን ጥርሷ ነው የምትልጠው፤ አፏን ግን አልሸፈነችም።